በዚህ መሣሪያ ላይ ሰዓት የሚነካ የለም

መቀስ ነው የሚሏት። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር ሲያንሳት ነው። ሰው የጻፈው ፕሮግራም እጇ ከገባ እዚህ ቆረጥ፣ እዚያ ከርከም እያደረገች ግማሽ ሳታደርሰው አትነሣም። ረጅም ፕሮግራም ስታይ እንደ ቆሸሸ ቤት ይከብዳታል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ፣ እናቷ አልጋ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ራስጌው ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ነጭ ሣጥን ታያለች። ትኮራባታለች፤ ብትኮራም አይፈረድባትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በፊት ትሠራበት በነበረው ድርጅት፣ የሣጥኗን ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የጻፈችው እሷ ናት። የሣጥኗ ሥራ አንድ ነው። በሽተኛው ደረት ላይ በታሰረች ቀበቶ ትንፋሽ ታዳምጣለች፤ ሃያ ሰከንድ ሙሉ ትንፋሽ ከጠፋ ትጮሃለች።

እናቲቱ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትንፋሻቸው ቀጥ የሚልበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ «ያልፋል፣ የሳምንት ጉዳይ ነው፤ ብቻ ቀጥ ባለ ቁጥር ሰው ደርሶ ትከሻቸውን ነቅነቅ ያድርጋቸው» ብሏል። ከትናንት ወዲያ አንዴ፣ ትናንት ሁለቴ ሣጥኗ ጮሃ፣ ሲስተሮቹ ሮጠው ነቅንቀዋቸው ትንፋሻቸው ተመልሷል። ሦስቴ ሄደው ሦስቴ ተመለሱ ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ነገሩን ቀልድ አድርገውታል።

«የኔ ልጅ ናት የሠራቻት» ይሏታል የጎን አልጋዋን ሴትዮ፣ በቀን አሥር ጊዜ። «ልጅ ሆና ለትምህርት ቤት በጩኸት የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ። አሁን ብድሯን መለሰች።»

«እማዬ፣ ወሬውን ተዪና ተኚ እስቲ» ትላለች መቀስ፣ ደስ እያላት።

አሁን ሣጥኗ እንዴት እንደተሠራች ካልነገርኳችሁ የመጣው ጉድ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ውስጥ ኢቨንት ሉፕ የሚባል ነገር አለ፤ የፕሮግራሙ ዘበኛ በሉት። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ትንፋሽ ሲመጣ «መጣ» ይላል፤ የቀጠሮ ሰዓት ሲደርስ «ተነሥ፣ ደርሷል» ይላል። ይህን ዘበኛ ማንም ከዜሮ አይጽፈውም፤ ሌሎች ሲ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው፣ አሽተውና ፈትነው ያስቀመጡት፣ ላይብረሪ የሚባል ዝግጁ ኮድ አለ። ላይብረሪውን ለብቻው መሣሪያው ላይ ጭኖ ከውጭ እየጠሩ መጠቀም ይቻላል። አለዚያም የምንጭ ኮዱን እንዳለ ገልብጦ፣ «ይህን ጨምር» በምትል አንዲት የኢንክሉድ መስመር ከራስ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ከትቶ፣ አንድ ላይ ኮምፓይል አድርጎ ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር ነው። ያኔ ዘበኛው የቤት ልጅ ይሆናል። የማያስፈልገውን ክፍል ደግሞ ከላይ አንድ አንድ መስመር እየጻፉ ማጥፋት ይፈቀዳል።

መቀስ ሆድ ውስጥ መክተቱን መረጠች፤ የሣጥኗ ሜሞሪ እፍኝ አይሞላማ። ማጥፋት የሚፈቀደውን ሁሉ አጠፋች። አሁንም ሦስት መቶ ባይት ቦታ ጎደላት። ላይብረሪውን የጻፉት ሰዎች «ከዚህ በታች ያለውን በእጃችሁ አትንኩ» ብለው አስጠንቅቀዋል፤ መቀስን እንዲህ ማለት መጋበዝ ነው። ፋይሉን ከፍታ ወረደች፣ ወረደች፣ ሰዓቱ ድንገት ቢዘል ቀጠሮዎቹን ሁሉ አብሮ የሚያሸጋሽግ ቁራጭ አገኘች። ሣጥኗ ሰዓት ማስተካከያ የላት፣ አዝራር የላት። ማን ሊነካባት? ቆረጠችው። በቦታውም ማስታወሻ ጻፈች፦ «በዚህ መሣሪያ ላይ ሰዓት የሚነካ የለም።» ያን ቀን ባልደረቦቿ አጨበጨቡላት፤ እሷም ደረቷን ነፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እንግዲህ በዚያ ከሰዓት፣ ዓይኗ ሣጥኗ ጥግ ላይ ካሉት ትንንሽ ቁጥሮች ላይ አረፈ። አሥር ሰዓት ከአሥራ ሰባት ይላል። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል ነው።

«ሲስተር፣ የዚች ሰዓት አርባ ሰባት ደቂቃ ይቀድማል እኮ» አለቻት፣ ትራስ ልታስተካክል የመጣችውን ትልቋን ሲስተር።

«ተዪው እሱን። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ታች ያለው ኮምፒውተር ሰዓቱን ሳተ። ለሁሉም የሚልክላቸው እሱ ነው፤ የአሥራ ሁለቱም አልጋ ይቀድማል። ቴክኒሻኑ መጥቶ ይመልሰዋል።»

«ሰዓታቸው ከታች ነው የሚላከው? ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆየ። ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል።»

መቀስ ያን የቆረጠችው ቁራጭ ትዝ አላት። ሰዓቱ ወደ ፊት ሲዘል ችግር የለም፤ ቀጠሮው ቶሎ ደረሰ ማለት ነው፣ ዘበኛው ይነሣል። ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ ማንም ያልነቃው። ወደ ኋላ ሲመለስ ነው ጣጣው። ሣጥኗ በየአምስት ሰከንዱ ተነሥታ «ትንፋሽ አለ?» ብላ ትጠይቃለች። የሚቀጥለውን መነሻዋን የምትይዘው ግን በሰዓት ነው፤ «አሥር ከአሥራ ሰባት ሲሆን ቀስቅሰኝ» ብላ። ቴክኒሻኑ ያን ሰዓት ወደ ዘጠኝ ተኩል ቢመልሰው፣ ዘበኛው አሥር ከአሥራ ሰባት እስኪሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አርባ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ ሣጥኗ የታመመችም አትመስልም።

ኮሪደር ወጥታ ሙጫ ጋ ደወለች። ሙጫ የድሮ ባልደረባዋ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲለቅ እሱ ከድርጅቱ ጋር ተጣብቆ ስለቀረ ነው ሙጫ የተባለው። ነገሩን ነገረችው።

«ሰዓት ከማዕከል ይላክ ስትሉ ያን ፋይል ያየ ሰው የለም?» አለችው።

«የላይብረሪው ፋይል ነው ብለን ነዋ። የሰው ላይብረሪ ማን ከፍቶ ያነባል? የራሳችንን አንብበን ፈረምን። አንቺ እጅሽን ከተሽበታል ብሎ ማን ይጠርጥር?»

«በርቀት አይታደስም?»

«ለብቻው የተጫነ ቢሆን እሱን ብቻ ቀይረን እንልክ ነበር። አንቺ እያንዳንዷ ሆድ ውስጥ ሰፍተሽዋል። ሣጥን በሣጥን እየተከፈተ እንደ አዲስ መጫን አለበት። የወራት ሥራ ነው፣ መቀሴ።»

«አጥፍቶ ማብራትስ?»

«እሱ ያድናል። ስትነሣ ሁሉን እንደ አዲስ ትጀምራለች። ግን ባትሪ አላት፣ ከሶኬት ብትነቅያት አትጠፋም። ማጥፊያዋ በቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ቴክኒሻኑ ጋ ነው። በይ አሁን ሰዓቱን እንዳይነኩት ንገሪያቸው። እንደቀደመ ይቅር፣ ማንን ገደለ?»

መናገር ቀላል ነው። መቀስ ትልቋን ሲስተር መድኃኒት ስታዘጋጅ አግኝታ፣ ዘበኛውንም ቀጠሮውንም ሰዓቱንም አስረዳቻት። ትንፋሽ እስኪያጥራት አስረዳቻት። ሲስተሯ እጇ ሳያርፍ ሰማቻት።

«ሰዓቱ ልክ ከሆነ ሣጥኗ መስማት ታቆማለች ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«ስህተት ሆኖ ሲቆይ ግን ደህና ናት።»

«አዎ።»

ሲስተሯ ቀና ብላ አየቻት። ሰው መናቅ የማታውቅ፣ አንጀቷ የራራ ሴት ናት። «የኔ እመቤት፣ ለመሆኑ ምሳ በልተሻል?» አለቻት።

መቀስ ልታለቅስ ደረሰች። ይህን ጊዜ ሲስተሯ አዘነችላትና «እሺ፣ እሺ፣ ተረኛዋም እንድታውቀው እጽፈዋለሁ» ብላ የተረኞችን መዝገብ ከፈተች። መቀስ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች፦ «4ኛ አልጋ፦ ሰዓት። ልጅየዋ አጥብቃ አሳስባለች።»

«እንዳይነካ የሚለውንም ጻፊው፣ በሞቴ።»

ሲስተሯ ልትጽፍ ስትል ሰባተኛ አልጋ ደወለ። መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ እስክሪብቶውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሮጠች። ሰባተኛ አልጋ እንዲህ በዋዛ የሚለቅ በሽተኛ አልነበረም። መቀስ ወደ እናቷ ተመለሰችና ሣጥኗን ትታ ደረታቸውን ማየት ጀመረች። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዓይኗን አልነቀለችም።

አሥራ አንድ ሲሆን የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ «ጠያቂዎች፣ ሰዓት ደርሷል» አለ። ይሄኛው ዘበኛ ደግሞ ደቂቃ የማይስት ሆነ። መቀስ ለመነችው፤ ወንበር እንኳ አልፈልግም፣ ቆሜ አድራለሁ አለችው። ለአንድ ብፈቅድ ለአሥራ ሁለቱም ልፈቅድ ነው አላት። ትልቋን ሲስተር በዓይኗ ፈለገች፤ ተረኛ ተቀይሮ ሄዳለች።

«እማዬ» አለች ጎንበስ ብላ፣ «ለጊዜው እንዳትተኚ።»

«ቅድም ተኚ ስትዪኝ አልነበር እንዴ?»

«ትንሽ ብቻ ቆዪ። በኔ ይሁንብሽ።»

«ሂጂ፣ ልጄ፤ ደክሞሻል» አሉ እናቲቱ ጉንጯን ደባብሰው። ዓይናቸው ካሁኑ ከበድ ከበድ ብሎታል። «አንቺ ብትሄጂም እሷ አለችልኝ» ብለው በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

መቀስ ግቢው በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ወደ ቤት ልሂድ ብትልስ እግሯ መቼ ይታዘዝላታል። ሠራተኞች ሥራ ጨርሰው ይወጣሉ። ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ ከዘበኛው ጋር ተቀላልዶ፣ እየሮጠ የቆመ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። አየችው፤ ግን ልብ አላለችውም። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ወደ ዎርዱ ደወለች። አዲሷ ተረኛ አነሣች፤ ድምጿ የልጅ እግር ነው።

«የአራተኛ አልጋ ልጅ ነኝ፣ ሲስተር። ስለ ሰዓቱ…»

«እንዴ፣ አንቺ ነሽ? ደስ ይበልሽ፤ መዝገቡ ላይ አይቼ ቴክኒሻኑን ሊወጣ ሲል ያዝኩት። ነገ ይደርሳል ሲል ነበር። የለም፣ ሰው አጥብቆ ጠይቋል አልኩት። ታች ወርዶ አስተካክሎልሻል። የአንቺን ብቻ አይደለም፣ የአሥራ ሁለቱንም።»

መቀስ ከአግዳሚው ተነሣች።

«መቼ?»

«አሁን፣ አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

ሠላሳ ሰባት ቀረ። መቁጠር ልማዷ ነውና ሳታስበው ቆጠረችው።

«ሲስተር፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ። ቴክኒሻኑን ጥሪው። አጥፍቶ ያብራቸው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ወጣ እኮ፣ ቁልፉንም ይዞ ነው የሚሄደው። ምን ሆነሻል? ሰዓቱ እኮ አሁን ልክ ነው።»

የቁልፍ ዘለላው አሁን ገና ትዝ አላት። ሚኒባሱ ከዓይን ጠፍቷል። ዘበኛው ጥላው ሥር ተቀምጦ የትልቁን በር ቁልፍ ያሽከረክራል።

«እሺ፣ አንቺ ሄደሽ በዓይንሽ እያቸው። ደረታቸውን ብቻ። የሁሉንም።»

«መድኃኒት ማደል አለብኝ፣ እህቴ፤ ብቻዬን ነኝ። ስጨርስ አያለሁ፣ ቃሌ ነው። ደግሞ ምን ያስፈራሻል? እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ሁሉም ይታየኛል። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። የእናትሽም አረንጓዴ።»

«ተኝታለች?»

«ጭልጥ ብለዋል። ዛሬ ገና እረፍት አገኙ፤ ከገባሁ ጀምሮ አንድም ሣጥን አልጮኸ።»

መቀስ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። በሥራ ዘመኗ ብዙ ሺህ የፕሮግራም መስመር የጻፈች ሴት፣ የቀራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«እየተነፈሰች ነው?»

ልጅቷ ሳቅ አለች። ክፋት የለባትም፤ ሰው ተጨንቆ ስታይ ማረጋጋት የምትወድ ልጅ ናት።

«ባይተነፍሱማ ትጮህ ነበር እኮ» አለቻት።