ባለቤት በሌለበት

ፀጉር ቆራጩን የሰፈሩ ሰው «ምላጭ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣለት ሥራው ሳይሆን አፉ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩ ብቻ ተቆርጦ አይነሣም፤ አለባበሱም፣ አማቱም፣ የሚደግፈው የኳስ ቡድንም አብረው ይቆረጣሉ። ደንበኛው ታዲያ ይበዛለታል። ሰው ሲሰድቡት ይቆጣል፣ አሳምረው ሲሰድቡት ግን ከፍሎ ይመለሳል።

በግድግዳው ወዲያ በኩል የቁልፍ ሠሪው ሱቅ ነበር። እሱን ደግሞ «ጆሮ» ይሉታል። የተቆለፈ በር፣ የዛገ ጓጉንቸር፣ ቁጥሩ የተረሳ ካዝና ሲያጋጥመው ይንበረከክና ጆሮውን ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀጭን ሽቦ ሆዱን እየነካካ ያዳምጠዋል። «ዝም በሉ እስቲ፣ እየነገረኝ ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ! ምላጭ በዚህ በኩል የመቁረጫ ቶንዶሱን ሲያስጮኽ፣ ጆሮ በዚያ በኩል ሞረዱን ሲስብ፣ ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ ፀጉራቸው ሸበተ።

ጆሮ አንድ ክፉ አመል ነበረው፤ ክፉ የሚለው ምላጭ ነው። ባለቤቱ በሌለበት በር አይከፍትም። ሠራተኛ ቢላክበት፣ ዘመድ ቢመጣ፣ ባለቤቱ ራሱ በስልክ ቢለምነው፣ ወይ ፍንክች! «በሰው በር ሥር ተንበርክኬ ሽቦ ስከት እኔና ሌባ መልካችን አንድ ነው። የሚለየን ባለቤቱ ከጎኔ መቆሙ ብቻ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ምላጭ ራሱ የሱቁን ቁልፍ ጣለና፣ በዚያው ጠዋት ደግሞ ወገቡን ያዘው። ከአልጋው ሆኖ ደወለ። «ክፈትልኝና ደንበኞቹን አስቀምጥልኝ፤ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ።» ጆሮ እሺም እምቢም ሳይል ሄዶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ደንበኞቹ ዝናብ ሲመታቸው አጉረምርመው ተበተኑ። ምላጭ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሲደርስ በሩ ላይ የቀረው ሰው ጆሮ ብቻ ነው፤ ውሃ ያንጠባጥባል።

«የገዛ ወዳጅህ በር እኮ ነው፣ አንተ ድንጋይ!»

«ለዚያ እኮ ነው። ና፣ ቁም ከጎኔ።»

ቆመ። ቀጭ አለ። ምላጭ ይህቺን ታሪክ ለስንቱ ደንበኛ እንዳወራት እሱም አያውቀው። በየጊዜው ዝናቡን ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል።

ኋላ ጆሮን ጉልበቱ ከዳው። እጁም ጆሮውም እንደ ድሮው ናቸው፤ ግን በር ፊት መንበርከክ አቃተው፣ ከተንበረከከ ደግሞ መነሣት። ሱቁን ሴት ልጁ ተረከበች፤ ጎበዝ ናት። ጥቂት ቀን አጠገቧ እየተቀመጠ «እንደሱ አይደለም፣ ስጪኝ» ሲላት ከረመና፣ አንድ ጠዋት «አባዬ፣ ወይ አንተ ሥራበት ወይ እኔ ልሥራበት» አለችው፤ በትሕትና ነው ያለችው። እሱም ያለ ቅሬታ ተነሥቶ በግድግዳው ዞሮ ምላጭ ዘንድ መጣ። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የሱ ሆነች።

ከዚያ ወዲያ ምላጭ ሰላም አላገኘም። ጆሮ ፀጉር መቁረጥ አያውቅም፤ ዓይን ግን አለው። «የግራው በዛ» ይላል፣ ካለበት ሆኖ። ምላጭ መቁረጡን ይቀጥላል። «የግራው በዛ እኮ ነው የምልህ።» ደንበኛው መስተዋቱ ውስጥ ግራውን ማየት ይጀምራል። የሚያናድደው ነገር፣ ሁልጊዜም በዝቶ ይገኛል። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ ከመሀል ተነሥቶ «ሁለታችሁ ስትስማሙ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

«አንተ ሰው፣ ደንበኛ አባረርክብኝ!» አለ ምላጭ መቀሱን እያወዛወዘ። «እቤትህ የምትሠራው የለህም?»

ሱቁ በሙሉ ሳቀ፤ ጆሮም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅለት ወደ መንገዱ ዞረና «የለኝም እኮ» አለ። «ቤቴ ሁሉ ነገር ክፍት ነው። አንድ የተቆለፈ ነገር እንኳን የለም።»

ይህቺ ቃል ምላጭን ቀኑን ሙሉ ስትከነክነው ዋለች።

በዚያው ሰሞን ሁለት ጎረምሶች ወረፋ እየጠበቁ ስለ አንድ ጌም ሲያወሩ ሰማ። ግዙፍ ግንብ አለ፤ ግንቡ የብረት በር አለው፤ በሩን አንድ ዘብ በመዶሻ ይጠብቃል፤ ዘቡን ያለፈ የለም። አንደኛው ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰብሮታል። ሌላኛው እንዳለቀሰ ሳይፈልግ አመነ። ምላጭ ቶንዶሱን አጠፋና «የጌሙን ስም ድገሙልኝ» አለ።

የጌም መሸጫው ልጅ ሲዲውን ከመደርደሪያው አውርዳ ወዲያው አልሰጠችውም።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለጓደኛዬ።»

«ተጣልታችኋል?»

«ኧረ አልተጣላንም!»

«ይሄን እኮ ሰው ለወዳጁ አይገዛም። የወሰደ ሁሉ እየተሳደበ ነው የሚመልሰው። ለስለስ ያለ ልስጥዎት፤ የመኪና እሽቅድድም አለ።»

«የኔ ልጅ፣ የሚከፈት ነገርማ ሞልቶታል። እሱን ጠቅልይልኝ።»

የጆሮ ልጅ በልጅነቷ የተጫወተችበት ማጫወቻ ከቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። አመሻሽ ላይ አራግፈው ሰኩት። ጆሮ ጆይስቲኩን እንደ እንግዳ ቁልፍ አገላብጦ አየው። ስክሪኑ ላይ አንዲት የብረት ልብስ የለበሰች ትንሽ ሰው በሩ ፊት ቆመች፤ ዘቡ መዶሻውን አነሣ፤ ጧ! ስክሪኑ ጠቆረና በቀይ «ሞተሃል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ኧረ በስመአብ!» አለች የጆሮ ሚስት ከጓዳ ብቅ ብላ። «እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቤት ይጻፋል?»

ደገመ። ሞተ። ሠለሰ። ሞተ። ምላጭ ሶፋው ላይ ተንጋሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጆሮ አልተናደደም፤ ፊቱ ላይ ከስንት ጊዜ ወዲህ ያልታየ ጸጥታ ሰፈረበት። ከዚያ፣ ዘቡ መዶሻውን ሲያነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዝም በሉ እስቲ፣ እየነገረኝ ነው።»

«ምን ይልሃል?»

«ከመምታቱ በፊት ትንፋሽ ይስባል። ሰማኸው?»

ምላጭ ምንም አልሰማም። ግን አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቱ እንደዚያ የተዋጣለት ስጦታ ሰጥቶ አያውቅም፤ ይህንንም እቤቱ እስኪደርስ ለራሱ ሲነግር ሄደ።

በማግስቱ ጆሮ አልመጣም። ምላጭ «ይዞታል!» ብሎ ደስ አለው። በሠልስቱም አልመጣም። ሱቁ ሰላም ሆነ፤ ማንም የግራው በዛ አይልም። ሳምንቱ ሲያልፍ ግን ሰላሙ መክበድ ጀመረ። አንድ ደንበኛ መስኮቱ ሥር ሊቀመጥ ሲል «እዚያ አይቀመጥም!» ብሎ ጮኸበት፤ ሰውየው ደንግጦ ቆመ፣ ምላጭም በራሱ ደነገጠ። ሌላው ደግሞ ተቆርጦ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣ። የግራው በዝቶ ነበር።

ግድግዳውን ዞሮ ልጅቷን ጠየቃት። «አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ። ሰሞኑን በስልክ ብቻ ነው ያገኘሁት። ጌሙ ላይ ነው፤ እማዬ ልታብድ ነው።»

«ስለኔ ምንም አላለም?»

«አላለም፤ ምነው?»

«ምንም።»

እዚህ ላይ ምላጭ አኮረፈ። የገዛሁት እኔ፣ የተረሳሁት እኔ! ምሳ ሰዓት እቤቱ ሲገባ ሚስቱ ያቀረበችለትን እያገላበጠ ተወው። ሚስቱ ሁሉን ታውቃለች፤ በእነዚያ ቀናት ከሱ ሌላ ወሬ አልሰማችም።

«አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» አለችና ሳህኑን ከደነችው። «ሄደህ አትጠይቀውም?»

«እሱ ይምጣ! ወንበሩ የት እንዳለ ያውቃል።»

እንዲህ ይበል እንጂ ያስጨነቀው ሌላ ነው። ያቺ ቃል ትዝ እያለችው ነበር፤ «እቤትህ የምትሠራው የለህም?» ያላት። ቀድሞ ይህን ተናግሮ፣ አከታትሎ እቤት የሚያስቀምጥ ነገር ገዝቶ መስጠት ምን ማለት ነው? ከሱቄ ጥፋ ማለት አይደለም? ይህንን ጆሮ እንዴት ሳይሰማው ይቀራል? የመቆለፊያ ሹክሹክታ የሚሰማ ሰው! ምላሱ ስንቱን ሰው ቆርጧል፤ አሁን ግን የቆረጠችው አንድ ያለውን ወዳጁን መሰለው። ፈራ። በዚህ ዕድሜ አዲስ ወዳጅ አይበቅልም።

ሱቅ በሚዘጋበት ቀን መቀስ፣ ማበጠሪያና የአንገት ጨርቅ በፌስታል ይዞ ወጣ። ሰበብ ነው። ፀጉሩ አድጎ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት ይላል፤ ከዚያ ወዲያ እንደሁኔታው።

በሩን የከፈተችው የጆሮ ሚስት ናት። «መጣህልኝ ወንድሜ! ግባ፣ ግባ፣ ቴሌቪዥኔን አስለቅቅልኝ። ድራማዬ የት እንደደረሰ እንኳን አላውቅም!»

ጆሮ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኖታል። ጆይስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያቺ የብረት ሰው በተዘጋው በር ፊት ዝም ብላ ቆማለች።

«ጠፋህ» አለ ምላጭ፣ ከበሩ ሳይርቅ።

«የጠፋኸውስ አንተ።»

«ወንበርህ እዚያው ነው። ሰው አላስቀመጥኩበትም።» ያዘጋጀው ሰበብ ሁሉ ጠፋበት። «ያን ጊዜ ያልኩህን… ቀልዴን ነበር እኮ። ጌሙንም ስገዛልህ እቤትህ ቅር ማለቴ አልነበረም።»

ጆሮ ብርቱካኑን አስቀመጠ። «ማን እንደዚያ አለህ? ሥራ የለኝም አልኩህ፣ ሥራ አመጣህልኝ። ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ ሳይጨርስ አይዞርም።»

«ታዲያ አልጨረስክም?»

«ጨርሻለሁ እንጂ።»

«ዘቡስ?»

ጆሮ በአገጩ አመለከተው። በስክሪኑ ጥግ ላይ ጥቁር ክምር ይታያል፤ መዶሻው አጠገቡ ወድቋል። «ከጣልኩት ሰነበተ። በትንፋሹ ያዝኩት።»

«ታዲያ ለምንድነው በሩን የማትከፍተው? አንዷን መጫን አይደለም እንዴ?»

ጆሮ የምር ተገርሞ አየው። «ባለቤቱ በሌለበት?»

ምላጭ መጀመሪያ አልገባውም። «የማን ባለቤት?»

«ማን ገዛው?»

«እኔ ልደውልለት ስለው እኮ» አለች ሚስቱ፣ «ተይው፣ ያኔም ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ወገቡን አሞት ይሆናል ይለኛል! ስንት ቀን ሙሉ ይሄን የብረት በር ሳይ ዋልኩ!»

ምላጭ ሱቁ ውስጥ አኩርፎ ሲጠብቅ፣ ይህ ድንጋይ ያኔ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠው ሁሉ እዚህ ሲጠብቀው ነበር። ምላጭ ፌስታሉን አቅፎ ቀረ።

«ና» አለ ጆሮ ጆይስቲኩን አንሥቶ። «ቁም ከጎኔ።»

ሄዶ ቆመ። ጆሮ ጫነ። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ።

«ዘይት ያንሰዋል» አለ ጆሮ። ከበሩ ወዲያ ፀሐይ የሞላው ሰፊ ግቢ ታየ። ከግቢው ማዶ ሌላ በር፤ በሩ ፊት ሌላ ዘብ፤ በሁለት እጁ ሁለት መዶሻ።

«ወይኔ ድራማዬ!» አለች ሚስት።

ምላጭ ከሆዱ ሳቀ። ጨርቁን አወጣና በወዳጁ አንገት አሰረለት፤ ጆሮ እየተጫወተ እሱ መቁረጥ ጀመረ። ዘቡ መዶሻ ባነሣ ቁጥር ጆሮ ይደነብራል፤ ምላጭም መቀሱን አንሥቶ እስኪሞት ይጠብቃል። ሲሞት ይቀጥላል። ቀኝ ጎኑንና ኋላውን አሳምሮ ጨረሰ። ከዚያ ጨርቁን ፈትቶ አራገፈና መሣሪያውን ፌስታሉ ውስጥ ከተተ።

ጆሮ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። «አንተ! ግራው ቀረ እኮ!»

«አውቃለሁ። ነገ ሱቅ መጥተህ ይጨረስልሃል።»

«በዚህ ሁኔታ መንገድ ልውጣ?»

«ወንበርህ ያለው እዚያ ነው» አለ ምላጭ፣ በሩን ከኋላው እየዘጋ።

በነጋታው ጆሮ ያንን ሁሉ መንገድ ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ግማሹን አጎፍሮ መጣ። ደንበኛ ስለነበር ምላጭ «ወረፋህን ጠብቅ» አለው። ጆሮም ሄዶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ፤ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው በመስተዋቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየው።

«የግራው በዛ» አለ።

ደንበኛው ዞሮ የተናጋሪውን ግራ ሲያይ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ምላጭ ብቻ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አየ፤ እውነትም በዝቶ ነበር፤ እየተደሰተ አስተካከለው።