የለንደን ኤርፖርት ድንኳን

ጋሼ ሰይፈሥላሴ በወጣትነታቸው በእንግሊዝ አውሮፕላን ለንደን ኤርፖርት ሲደርሱ፣ መንገደኛ የሚስተናገደው ድንኳን ውስጥ ነበር። ይህን ባወሩ ቁጥር ጋሼ ሽመልስ፣ «ኤርፖርት በድንኳን? የለቅሶ ድንኳን ነዋ» እያሉ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ያለውን የሐበሻ ሬስቶራንት ያስቁባቸዋል። ዛሬ የጋሼ ሰይፈሥላሴ የልጅ ልጅ ሶሊያና ልትመሰክርላቸው የኤርፖርቱን ታሪክ መጽሐፍና አያቷ ድንኳኑ በር ላይ የተነሱትን ፎቶ ይዛ መጣች። መጽሐፉ፣ ድንኳኖቹ የተተከሉት በ1946 ነው ይላል። ፎቶውን ስትገለብጠው ግን «ጥቅምት 1939» ተጽፎበታል። አያቴ ዋሽቶ ይሆን?

«አንብቢልና፣ ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሼ ሽመልስ።

«ዓመቱ... አልገጠመም» አለች፣ አያቷን ቀና ብላ ማየት ፈርታ።

ጋሼ ሽመልስ ፎቶውን ተቀብለው አዩት። «በእኛ አቆጣጠር ነዋ፤ ሰባት ጨምሪበት እንጂ» ብለው አረሟት።

ምን እንዳሉ የገባቸው ሳቁ ወደ እሳቸው ሲዞር ነው።