ጠይቂና ጠብቂ

ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ነበርኩ። ሜልበርን ግን የነርሶቹን የእንግሊዝኛ ፈተና እስካላለፍኩ ድረስ ሥራዬ ኮሊንግዉድ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ገላ ማጠብና አንሶላ መቀየር ነበር። ሥራውን አልናቅኩትም። የሚያቃጥለኝ የመድኃኒቱ ጋሪ በአጠገቤ ሲያልፍ እጄን አጣጥፌ መቆሜ ነው።

ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ሦስቴም የጣለኝ የንግግሩ ክፍል ነው። አንድ ሰው በሽተኛ ሆኖ ይቀርባል፣ እኔ እንደ ነርስ አነጋግረዋለሁ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት እንደለመድኩት መልሱን ሁሉ ሸመደድኩት። ከምኖርበት ከዌሪቢ ባቡር ስሳፈር ጀምሬ ሳነበንብ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ሌላ ወንበር ይፈልጋል።

ለአራተኛ ጊዜ የተመዘገብኩት በ2014 ነው። ያኔ ጠዋት ጠዋት የማጥባቸው እትዬ ቬልማ ራውሊን ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። እዚያ ቤት ሁሉም «ቬልማ» ብሎ ሲጠራቸው እኔን ያመኛል። አሜሪካዊት ተዋናይ ነበሩ፤ ኒውዮርክ መድረክ ላይ ሃያ ዓመት ተጫውተዋል። ቴሌቪዥኑ ግን ጥቁር ሴት ስለሆኑ የሰጣቸው የነርስ ሚና ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዶክተሩ ጀርባ ቆመው «እሺ ዶክተር»፣ «አሁኑኑ ዶክተር» ሲሉ ኖሩ። በኋላ ከአንድ ቲያትር ጋር ሜልበርን መጡና መድረኩን የሠራውን አናጢ ወደዱ። በዚያው ቀሩ። እዚህ ንግሥትም፣ የልጅ ገዳይም፣ ሁሉንም ሆነው እስከ ሰባ አምስት ዓመታቸው ድረስ ተጫወቱ።

አንድ ጠዋት ጀርባቸውን እያጠብኩ ሳነበንብ ሰሙኝ።

«ለማን ነው የምትናገሪው?»

«ለፈተና ነው።»

«እስቲ እኔ በሽተኛ ልሁንልሽ» አሉ። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ፈርተው ነበር፤ ከንፈራቸው ደረቀ። ሳላስበው እጄ የልብ ምታቸውን ሊቆጥር ሄደ። «ሆዴን ያመኛል» አሉኝ በቀስታ፣ «ልጄ ግን እንዳትሰማ።»

«ጭንቀትዎ ይገባኛል፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» አልኩ፣ ልክ እንደሸመደድኩት።

ትወናውን አቆሙ። «ልጄ እንዳትሰማ አልኩሽ። ሰምተሽኛል?»

አልሰማሁም። ደሜ ፈላ። «እኔ እውነተኛ ነርስ ነኝ! እርስዎ የቴሌቪዥን ነዎት!» አልኳቸው። አፌን በቆረጠው አልኩ ወዲያው።

እሳቸው ግን ሳቁ። «ልክ ነሽ፣ መርፌ ወግቼ አላውቅም። ግን ሁለት መስመር ብቻ ሲሰጡኝ ምን እሠራ ይመስልሻል? ካሜራው ዶክተሩን ሲያይ እኔ በሽተኛውን አዳምጥ ነበር። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ሕመሙን የሚነግረው ለእኔ ነው፤ ዶክተር ሆኖ ለተጫወተው አንድም ሰው አልነገረውም።» ፎጣውን ከእጄ ወሰዱ። «ጠይቂ። ከዚያ መልሱን እንደማያውቅ ሰው ጠብቂ። ዝምታውን አትፍሪው።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት በየጠዋቱ ሌላ በሽተኛ ይሆኑልኛል፦ ሰካራም የወደብ ሠራተኛ፣ አራስ፣ የሚሳደብ ፕሮፌሰር። በሳሙና አረፋ መሐል ተቀምጠው እንዲህ ሰውን የሚያሳምን ፍጡር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ቤት ደግሞ ልጄ ሊና ስለ ትምህርት ቤቷ ስታወራኝ ወሬዋን አቋርጣ አየችኝና «ማም፣ ዩ አር ሊስኒንግ!» አለች፤ ለካ ታዳምጪኛለሽ ማለቷ ነው።

ተፈተንኩ። ውጤቱን ስጠብቅ እትዬ ቬልማን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ቃልም አልወጣ አላቸው። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አንዷ ሠራተኛ ውኃ ታመጣለች፣ ሌላዋ ብርድ ልብስ። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ኩባያ ሳመላልስ ነበር። አፍሬያለሁ።

በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ውጤቴ ስልኬ ላይ ገባ። እየሮጥኩ ክፍላቸው ገባሁ። ግን እንደዚያ ተኝተው ሳያቸው ስለ ራሴ ማውራት ነውር መሰለኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ቬልማ፣ ምን ፈልገው ነው?»

ጠበቅኩ። ኮሪደሩ ላይ የምግቡ ጋሪ አለፈ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ልናገርላቸው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። ግንባራቸው በላብ ራሰ።

«አ... ለፍሽ?»

ለካ ሰሞኑን ሁሉ ይህንን ሊጠይቁኝ ኖሯል።

«አለፍኩ» አልኩና ተንሰቀሰቅኩ። እሳቸው ግራ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው፣ ለቅሶዬን እስክጨርስ ድረስ ጠበቁኝ።