ብብቴ ውስጥ ያለው ጠርሙስ

ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጉልበቴ፣ ብርድ ልብሱን ከሥር እየገፋ፣ አርፈህ ተኛ አንተ ጉልበት፣ ልጄ ታይሃለች፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች፣ ዓይኗ ቢላዋው ላይ ነው ጆሮዋ ግን እኔ ጋ ነው፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች፣ አባዬ በረደህ እንዴ፣ ምን ይበርደኛል። ጠርሙሱን ብብቴ ውስጥ ጠበቅ አደርገዋለሁ፣ ጠዋት ራሷ ናት ከማቀዝቀዣ አምጥታ ጠጣ ያለችኝ፣ መች ጠጣሁት፣ ነርሷ ሙቀት ልትለካ ስትመጣ ጎኔ ሥር አንሸራትተዋለሁ፣ መለኪያው የቀዘቀዘ ብብት ያገኝና ደህና ነው ይላል፣ ጎበዝ አባባ ትላለች፣ ሰሞኑን እንዲህ ነኝ፣ ጎበዝ።

ሹፌሩን ጎበዝ አላሉትም። ከጎኔ ያለው አልጋ የሱ ነበር፣ እንደኔው ኩላሊቱን ካንሰር የያዘው፣ አፉ እንደ ሞተሩ የማያርፍ፣ አንድ ቀን አንቀጠቀጠኝ ብሎ ተጣራ፣ መጡ፣ ለኩት፣ ከበቡት፣ መድኃኒቱን ከክንዱ ነቀሉለት፣ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ አባቴ መንገድ ላይ እንገናኝ፣ ሳቀ፣ እኔ ግን ዓይኑን አይቻለሁ። አሁን አልጋው ላይ አንሶላ ብቻ። የተናገረ ይነቀላል ማለት ነው፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እኔ አልነቀልም፣ ከዚህ ሌላ የቀረን የለም ብላታለች ሐኪሟ ለልጄ፣ ኮሪደር ላይ፣ ሽማግሌ ዝም ካለ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

ልጅ እግር ናት ሐኪሟ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ፣ አባባ ሰውነትዎ ዘበኞች አሉት፣ እንቅልፍ ጥሏቸዋል፣ ካንሰሩም ጭምብል አጥልቆ በመሀላቸው ያልፋል፣ እኛ መልእክተኛ እንልካለን፣ ሰውነትዎ ራሱ የሚሠራው ዓይነት ፕሮቲን ነው፣ አንዱ ዘበኞቹን ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛው ጭምብሉን ይገፍፋል፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ተስፋችን። ፕሮቲን እንቁላል አይደል እንዴ፣ ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት፣ አፌማ እሺ አለ። ግን ገብቶኛል፣ ዕድሜ ልኬን በያጅ አልነበርኩ፣ ሁለት ቦምቦላ፣ ጋዙ ለብቻው ቢነድ ጥቀርሻ ነው፣ ኦክስጂኑ ለብቻው ነፋስ ነው፣ አንድ አፍ ላይ ስታገናኛቸው ብረት እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ዘበኞቹ ሲነሡ ግን ቤቱንም ያምሳሉ አባባ፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያኔ ወዲያው ይንገሩን፣ መጠኑን የምንወስነው በሱ ነው፣ እሺ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

የልጄ እናት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንተ ሰው ሞተህ እንኳ ሞቻለሁ አትልም ትለኝ ነበር።

ጥርሴ። ጥርሴን ምን አባቴ ላድርገው፣ ትራሱን ልንከሰው፣ ጠዋት ሐኪሟ ወረቀቷን አይታ ፈገግ አለች፣ ሙቀት የለም፣ በደንብ ተቋቁመውታል፣ እንግዲያው የመጀመሪያውን መድኃኒት መጠን ከፍ እናደርጋለን፣ ሁለተኛውንም ዛሬ እንጀምራለን፣ ልጄ ደስ ብሏት አፏን በእጇ ያዘች፣ እኔ ደግሞ፣ እኔማ ጠርሙሴን አቅፌ ተኝቻለሁ፣ ከፍ እናደርጋለን አለች እኮ፣ ከፍ፣ በምን አይታ፣ በወረቀቷ፣ ወረቀቷ በመለኪያው፣ መለኪያው በብብቴ።

ጌጅ፣ የቦምቦላው መለኪያ። አለቃዬ እሳት ከመለኮሱ በፊት የጋዙን ጌጅ በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርገው ነበር፣ መርፌው ተጣብቆ እንዳይሆን፣ ጌጅ የዋሸ ዕለት እውነቱን ቦምቦላው ይናገራል ይለናል፣ እኛ እንስቅበታለን፣ በጥፍርህ ልትጨርሰው ነው እንለዋለን፣ ከዚያ ማዶ ያለው ጋራዥ፣ መርፌው ዝቅ ብሎ ተጣብቆ፣ ሰውዬው ገና ነው ብሎ ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ፣ ፈነዳ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ መንገድ ተሻግሮ እኛ ደጅ ወደቀ። መርፌውን አይቼዋለሁ። ያኔም ዝቅ እንዳለ ነበር።

ዝቅ እንዳለ።

እግሯ ይሰማል፣ ነርሷ ናት፣ አዲሱን ከረጢት ይዛ፣ እንደ ውኃ የጠራ ነገር፣ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው፣ አባባ ዝግጁ ነዎት፣ ልጄ ቀና አለች፣ ብናገር ይነቅሉታል፣ ባልናገር ይጨምሩታል፣ አንሶላ ብቻ የቀረበት አልጋ እዚያ፣ ቆርቆሮው እዚህ፣ ነርሷ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣቷ ያዘች፣ ልትከፍታት ነው፣ ኧረ ተናገር አንድ ነገር፣ አንተ ደረቅ፣ በል።

ቆዪ።

አባዬ ምን ሆንክ። አልመልስም፣ ክንዴን አነሣለሁ፣ እንዴት ይከብዳል፣ ጠርሙሱን አውጥቼ ለልጄ እሰጣታለሁ፣ ተቀበለችኝ፣ አገላበጠችው፣ እኔም ያወቅሁት አሁን ነው ከፊቷ፣ ያ በረዶ የነበረ ውኃ፣ አባዬ ይሄ እኮ ትኩስ ነው፣ ከየት አመጣኸው፣ ነርሷ ጠርሙሱን ታያለች፣ ብብቴን ታያለች፣ ጣቷ ከጎማዋ ላይ ተነሣ፣ ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔን፣ ጥርሴ ይንገጫገጭ እንግዲህ፣ ይስሙት፣ ከነቀሉም ይንቀሉ።

አሁን ለኪኝ።