የካምቢዮ ዘይትና የደሊና ሽማግሌዎች

አቶ ገብረጻድቃን ሲጨንቃቸው መኪና ይነካሉ። ሌላው ሰው ሲጨንቀው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል ወይ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ እሳቸው ኮፈን ከፍተው ይቆማሉ። ትልቁ ልጃቸው ማትሪክ የተፈተነ ጊዜ ካርቡራተሩን ሁለቴ ፈትተው ሁለቴ ገጥመውታል። ስለዚህ ለልጃቸው ለደሊና ሽማግሌ የሚመጣበት እሑድ፣ ሱፋቸው ተተኩሶ ተሰቅሎ እያለ በቱታ ብቅ ሲሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ እጸገነት ብዙም አልገረማትም።

«ዛሬ እንኳን ብትተዋት ምናለ?»

«የካምቢዮ ዘይት ብቻ ነው። እሱን ቀይሬ እታጠባለሁ፣ በቃ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ከሰዓት አይደል?»

ነገሩ የጀመረው በቀደም ነው። ደሊናን ሊያገባ ያሰበውን ልጅ፣ ካሳይን፣ ኦሎምፒያ ድረስ በአሮጌዋ ዲኤክስ ሸኝተውት ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ መኪናዋ እንደ ልማዷ አጉረመረመች። ልጁም ምንም ክፋት ሳያስብ፣ «ጋሼ፣ አውቶማቲክ ግን አያስቡም?» አላቸው። አቶ ገብረጻድቃን ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ። ማታ ግን እራት ሲቀርብላቸው፣ «ልጄን መንዳት ያስተማርኳት በዚች ነው» አሉና እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሱ።

ሥራውን ሲጀምሩ አንድም ስሕተት አልሠሩም። ዘይቱ ሞቆ እንዲቀጥን እስከ ቄራ ነድተው ተመለሱ። መኪናዋን በክሪክ አነሱ፤ በክሪክ ብቻ ስለማያምኑ በወፋፍራም ጉማጅ እንጨት ደገፏት። ከሥር ገብተው በጀርባቸው ተንጋለሉና ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን ፈቱ። አሮጌውን ዘይት አፍስሶ ከጨረሰ በኋላ መሙያው አልፈታም ያለው ሰው መኪናውን በገመድ እንደሚያስጎትት ያውቃሉ። ቡሎኑ በቀላሉ ሲላቀቅላቸው ደስ ብሏቸው አፏጩ።

ስሕተቱ የመጣው ከጣሳው ነው። እጸገነት ሳፋዎቿን ሁሉ ለምሳው ይዛቸዋለች፤ በአንዱ ሰላጣ፣ በአንዱ ዶሮ ተዘፍዝፎባቸዋል። ለባሏ የተረፈችው አንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረች። «ትበቃለች» ብለው ተቀበሏት።

ካዛንቺስ ያለው ግቢያቸው ደግሞ የድሮው ግቢ አይደለም። ለዚሁ ቀን ተብሎ፣ ግቢውን ከምትጋራቸው ከጎረቤታቸው ከሳዲያ ጋር ተጋግዘው ሙሉውን ነጭ ሴራሚክ አስነጥፈውታል። ባለፈው ሳምንት ውኃ ቀጂው እንኳን ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። እጸገነት ባሏን፣ «አንዲት ጠብታ ዘይት ባይ፣ ሽማግሌው ሲሄድ አንተም አብረህ ትሄዳለህ» ብላዋለች።

የማፍሰሻው ቡሎን ተፈታ፤ ተፈታና ከእጃቸው አምልጦ ጣሳው ውስጥ ጠለቀ። ጥቁሩ ዘይት እንደ ጅራፍ ተከተለው። ጣሳዋ ግማሽ ሆነች፤ ከግማሽ አለፈች። «አሁን ይቆማል» አሉ አቶ ገብረጻድቃን። አልቆመም። አፏ ድረስ ልትሞላ ስትል፣ ሲደነግጡ ትግርኛቸው ስለሚቀድም «ዋይ አነ!» ብለው ቀዳዳውን በሌባ ጣታቸው ወተፉት።

ዘይቱ ቆመ። እሳቸውም አብረው ቆሙ። ጣታቸውን ቢያወጡ ዘይቱ ሴራሚኩ ላይ ነው። ቡሎኑን ሊፈልጉ ሌላውን እጃቸውን ጣሳው ውስጥ ቢከቱ ጣሳው ይገነፍላል፤ ያም ያው ሴራሚኩ ላይ ነው።

«እጸገነት! ሳፋ!»

ማን ይስማ? ከአጥሩ ማዶ መንገድ የሚሠራው ማሽን አስፋልት እየቆረጠ ያጓራል። እጸገነት ወጥ ቤት ናት፤ ደሊና ጸጉሯን ልትሠራ ሄዳለች፤ ሳዲያ ሱቅ ወርዳለች። አቶ ገብረጻድቃን በጀርባቸው እንደተኙ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ የመኪናቸውን ሆድ ሲያዩ ቆዩ።

በዚህ መሃል ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ስታዲየም አካባቢ ጨዋታ ስላለ መንገድ ይዘጋል ሲባሉ፣ «ከምናረፍድ እንቅደም» ብለው ተነሥተው ኖሯል። ሦስት ናቸው። የሚመሯቸው የካሳይ አጎት አቶ ገለታ ሲሆኑ፣ ንግግራቸውን ሳምንቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ሲለማመዱት ከርመዋል። በሩ ገርበብ ብሎ ስላገኙት ገቡ። ግቢው ባዶ ነው። ከመኪናዋ ሥር ግን ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

«ቤቶች!» አሉ አቶ ገለታ።

አቶ ገብረጻድቃን በማሽኑ ጩኸት የሰው ድምፅ አልሰሙም፤ የተወለወሉ ጫማዎች ግን አዩ። የሳዲያ ባል እንግዶች መሰሏቸው። የፊተኛው ጫማ ወደ ጣሳዋ ሲጠጋባቸው ጮኹ።

«እዚያው ቁሙ! አንድ እርምጃ እንዳትራመዱ!»

ሽማግሌ እስኪያስቀምጡት መቆም ደንቡ ነውና ሦስቱም ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀጥ አሉ። አቶ ገለታ ጎንበስ ብለው ለእግሮቹ ንግግራቸውን ጀመሩ።

«አመጣጣችን ለደግ ነው፤ አበባ አይተን...»

«ሳፋ!» አለ ከሥር የመጣው ድምፅ። «በመጀመሪያ ሳፋ አምጡልኝ! ያለ ሳፋ ምንም የማደርገው ነገር የለም!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ሳፋ ነው ያሉት?»

«ጥሎሽ መሆን አለበት» አለ ሁለተኛው። «በሳቸው አገር ሳፋ ይጠየቃል እንዴ?»

«ሰምቼ አላውቅም። ግን አገር ሰፊ ነው» አሉ አቶ ገለታ። ተመልሰው ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እሺ፤ ሳፋው ይመጣል። የብር ይሁን የነሐስ?»

«ምን የነሐስ! ላስቲክ!»

«ላስቲክ አሉ» ብለው አቶ ገለታ ቀና አሉ። «የማያስቸግሩ ሰው ናቸው።»

«ሰፋ ያለ ይሁን! ቶሎ በሉ፣ ጣቴ ደነዘዘ!»

«ጣታቸው ምን ሆነ?» ሲል ሦስተኛው፣ ሳዲያ የገዛችውን ሽንኩርት እንዳንጠለጠለች ገባች። ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ለአንድ ጥንድ እግር ሲሰግዱ አየች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሴራሚኩ ላይ ተንበረከከችና ወደ መኪናው ሥር አየች።

«ጋሽ ገብሬ! ምን ሆነው ነው?»

«ሳዲያ፣ ሳፋ! እነዚህ እንግዶችሽ እንደ ግንድ ተገትረው አንዱ እንኳን አይንቀሳቀስም!»

«የኔ እንግዶች አይደሉም እኮ። የደሊና ሽማግሌዎች ናቸው!»

ልክ በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ጠፋ። «ሽማግሌዎች» የምትለው ቃል ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ከመኪናው ሥር የወጡት ሁለት እግሮች ቀስ ብለው ተሰበሰቡ። ከዚያ በጣም ትሑት የሆነ ድምፅ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለ።

ሳዲያ እየሳቀች የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን አምጥታ ጣሳዋን በብልሃት አንሥታ ተካችበት። አቶ ገብረጻድቃን ጣታቸውን ሲያወጡ የቀረው ዘይት ሳፋው ውስጥ ዥው አለ። እስከ ክርናቸው ጠቁረው ወጡና ክርናቸውን ለሰላምታ ዘረጉ።

«ተቀመጡ እንጂ! ፀሐይ ላይ...»

«ሥራ በመሃሉ አይተውም» አሉ አቶ ገለታ ኮታቸውን እያወለቁ። «መኪናዋም እንዲህ ተፈታ ብትታይ ደስ አይልም። ምን እንያዝ?»

ቡሎኑ ከጣሳው ወጥቶ፣ ማፍሰሻው ተጠርጎ ተዘጋ። አዲሱ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ከላይ በማንቆርቆሪያና በረጅም ቱቦ ነው የሚገባው። አቶ ገብረጻድቃን ከሥር ሆነው የቱቦውን ጫፍ መሙያው ውስጥ ያዙ፤ አቶ ገለታ ከላይ፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ያንቆረቁራሉ። ዘይቱ ሲወርድ እንደ ማር ጊዜ ይወስዳል። አቶ ገለታም ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያዩ ዝም ማለት አልሆነላቸውም፤ ንግግራቸውን አበባው ላይ ካቆሙበት ቀጥለው እስከ መጨረሻው ተወጡት። ትውልዱን ቆጠሩ፣ የልጁን ጠባይ አመሰገኑ፤ ከሥር በየመሃሉ «ጨምሩ»፣ «ቀስ» የሚል መልስ ይመጣል።

ደሊና ከጸጉር ቤት የተመለሰችው ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹን ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ካለች በኋላ በአዲሱ ቀሚሷ ቁጢጥ ብላ ወደ መኪናው ሥር አየች።

«አባዬ።»

«ጸጉርሽ ያምራል።»

«ካልፈለግክ ንገረኝ እኮ። ማለቴ... እውነቱን።»

አቶ ገብረጻድቃን የቱቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት። «ልጁ ጥሩ ልጅ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ብቻ ቤቱ ጸጥ ይላል።»

«ካዛንቺስ መቼ ጸጥ ብሎ ያውቃል?» አለች፤ ማሽኑም እንደታዘዘ ሁሉ ማጓራቱን ቀጠለ። ሁለቱም ሳቁ። መሙያው ሞልቶ ዘይቱ ወደ ውጭ መመለስ ሲጀምር አቶ ገብረጻድቃን እየሳቁ ስለነበር ጥቂት ጢማቸው ላይ ፈሰሰ። «በቃ! ሞላ!»

እጸገነት ጭልፋ እንደያዘች ወጣች። መጀመሪያ ሴራሚኩን ዞራ ዞራ አየች። ነጭ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እንግዶቹን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ያለችው።

ምሳ ቀረበ። አቶ ገብረጻድቃን ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ እጃቸውን ግን በሳሙና፣ በአመድ፣ በሎሚ ቢያሹት ጥቁረቱም ሽታውም አልለቀቀም። ዶሮው ፊት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ደሊና አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠችና ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቅልላ አፋቸው ውስጥ ከተተችው። ወዲያው ሁለተኛውን አዘጋጀች።

አቶ ገለታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ያመጣነውን ነገር ሰምተዋል። ሌላ ቀጠሮ ይሰጡን እንደሆነ...»

አቶ ገብረጻድቃን ሊመልሱ ፈለጉ። ተገቢ የሆነ፣ አባቶች የሚሉት ዓይነት መልስ ነበራቸው፤ ቤተ ዘመድ እናማክር የሚል። ነገር ግን አፋቸው በእንቁላልና በእንጀራ ተሞልቷል፤ ልጃቸው ሁለተኛውን ጉርሻ ይዛ ፊት ለፊታቸው ትጠብቃለች፤ ዓይናቸውም እንባ አቅርሯል፤ ምናልባት ከበርበሬው ነው። ደሊናን አዩ፤ ወደ አቶ ገለታ ዞሩ፤ እያኘኩ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ።

ሳዲያ ከበሩ ሆና እልል አለች።