ካሺ ላይ ያረፈው ክርስቲያን

«ለመሞት ቦታ ጠፍቶ ነው ካሺ ድረስ የሄደው?» አለች ታንዳማ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

በረንዳው ላይ ነጭ ለብሰው የተቀመጡት ሴቶች ወተት የሌለውን ቡና በብረት ብርጭቆ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሶሳማ ከሳሎን፣ ከባሏ ፎቶግራፍ ሥር ከተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ሆና ቃል በቃል ሰማቻት። የባሏ ታላቅ እኅት ታንዳማ ማንሾካሾክ ከቶ የማይሆንላት ሴት ናት።

«ልጁ ነው ያንከራተተው» ስትል ቀጠለች። «ቼሪያን። ከአሜሪካ መጥቶ ‹አባቴን እንደ ንጉሥ አንሸራሽረዋለሁ› አለና፣ በዚያ ምንጣፍ በለበሰ ባቡር ጭኖ፣ ከቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት አዙሮ አዙሮ ገደለው። የሽማግሌ ልብ ይህን ሁሉ የት ይችለዋል?»

በዚህ መካከል ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ጎቪንዳን ናየር ጃንጥላውን አጥፎ ወደ በረንዳው ወጣ። እርሱ ሂንዱ ነው፤ ካሺም ከዚህ ከደቡብ ሕንድ ርቃ፣ በሰሜን በጋንጋ ወንዝ ዳር ያለች፣ ወገኖቹ ሊሞቱባት የሚመኟት ቅድስት ከተማ ናት። ከሟቹ ከኩሩቪላ ጋር ግን አንድ ጋዜጣ በአጥር ላይ እየተቀባበሉ አብረው ያረጁ ወዳጆች ነበሩ።

«እትዬ ታንዳማ፣ ዛሬም ካሺን ያማሉ?»

«ምን ላድርግ ናየር! ቅዱስ ቶማስ ካጠመቃቸው ወገን የተወለደ፣ የቤተ ክርስቲያን ገበዝ የነበረ ሰው፣ ሄዶ ሄዶ በእናንተ ወንዝ ላይ ይሙት?»

«እንዴ! አባቴ እኮ ካሺ ልሙት ብሎ ዕድሜ ልኩን ተሳለ። ሁለት ጊዜ ታሞ ወስደነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ድኖ ተመለሰብን። የሞተው እዚሁ ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ነው። ኩሩቪላ ግን ሳይሳል፣ ሳይለምን፣ በንጋት፣ በጀልባ!» ናየር እጆቹን ዘረጋ። «እውነቱን ልንገርዎት? የእኔ ሐዘን ግማሹ ቅናት ነው።»

ሴቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ታንዳማም ሳቋ አመለጣትና ቶሎ ብላ ወደ ሳል ለወጠችው። ያልሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወንበር ለማምጣት ብቅ ያለው ቼሪያን ወንበሩን በሩ ላይ አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሶሳማም ተነሥታ ተከተለችው።

ከጎማ ዛፎቹ አጠገብ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ አገኘችው።

«አማቺ» አላት፣ እናቱን በልጅነት አጠራሩ። «ቲኬቴን ቀይሬዋለሁ። ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«ከአርባው በፊት?»

«ሥራ አለብኝ።»

«ሰበብ የሚፈጥሩ ልጆች ሳስተምር ነው የጡረታ ዕድሜዬ የደረሰው። እውነቱን ንገረኝ።»

ቼሪያን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጸጉሩ እንደ አባቱ ከፊት ሸሽቷል፤ ሲያዝንም እንደ አባቱ የታችኛውን ከንፈሩን ይነክሳል። በዚያ ቤት ልማድ በአርባው ቀን፣ መቃብሩ ላይ ጸሎተ ፍትሐት ከደረሰ በኋላ፣ ካህኑ ወደ ቤት መጥቶ ዳቦ ይባርካል። የመጀመሪያውን ቁራሽ ከካህኑ እጅ የሚቀበለው የበኩር ልጅ ነው። እርሱ እስኪቀምስ ድረስ ቤተ ሰቡ ከሥጋና ከዓሣ እንደ ተከለከለ ይቆያል፤ ከቀመሰ በኋላ ግን የቤቱ አባወራ እርሱ ይሆናል።

«የገደልኩትን ሰው ወንበር ልረከብ?» አለ በመጨረሻ። «አክስቴ ያለችውን ሰምተሻል።»

«እርስዋ ስትናገር ያልሰማ በኮታያም ከተማ የለም።»

«እውነቷን ነው እኮ! ጉዞውን ያሰብኩት እኔ፤ የከፈልኩት እኔ፤ በዚያ ብርድ ከአልጋው ቀስቅሼ ጀልባ ላይ ያወጣሁት እኔ። አባቴ እምቢ ማለት አያውቅበትም ነበር። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ ጎተትኩት።»

ሶሳማ ልትለው የምትችለው ነገር ነበር። ነገር ግን ለኩሩቪላ ቃል ሰጥታበታለች።

ኩሩቪላ የውኃ ሰው ነበር። ከባሕር ወለል በታች በተንጣለሉት የሩዝ ማሳዎች ዙሪያ የተሠሩትን የጭቃ ግድቦች ሲጠብቅ ያረጀ መሐንዲስ ነው። እርስዋ ደግሞ በሴቶች ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች፤ ዐይታቸው የማታውቃቸውን ተራሮችና ወንዞች በረጅም ዱላ ካርታ ላይ እያመለከተች ትውልድ ያስተማረች። በተጋቡበት ዓመት «ክረምቱ ይለፍ እንጂ ሰሜንን አሳይሻለሁ» ብሏት ነበር። ክረምቱም አለፈ፤ ነገር ግን አንድ ግድብ ይዞ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ግድብ ተናደ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ፣ ከዚያ የሴት ልጃቸው ሠርግ። ኩሩቪላ የገባውን ቃል አንድም ቀን አልካደም፤ ብቻ ሁልጊዜ ከእርሱ የሚቀድም ውኃ ይመጣበት ነበር።

ስለዚህ ቼሪያን ወንድምና እኅቱን፣ የአባቱን የልጅ ልጆችም ሁሉ ሰብስቦ ያን ባቡር በያዘ ጊዜ፣ ሶሳማ ገና ከመነሣታቸው በፊት የምታልፍባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተላቸው በቃልዋ ትወጣቸው ነበር። ኩሩቪላ ግን በባለጸጋ አኗኗር ተቸገረ። ጥምጥም የጠመጠመው አስተናጋጅ በመጀመሪያው ጠዋት አልጋ ሊያነጥፍ ሲገባ፣ አልጋው ማዕዘኑ ተስተካክሎ፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ አገኘው። ልጁ ክው ብሎ ቀረ።

«ምነው፣ ያጠፋሁት ነገር አለ ጌታዬ?»

«ምንም የለም ልጄ። እጄ ለምዶብኝ ነው።»

አስተናጋጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ኩሩቪላ ይህን ሲያሰላስል ዋለ። በማግስቱ ሶሳማ ስትነቃ ባሏ አንሶላውን በሁለት እጁ እያጨማደደ፣ ትራሱን መሬት እየጣለ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«ልጁ ሥራ ፈታሁ ብሎ እንዳይሰጋ» አላት፤ ከዚያም እርካታ በተሞላበት ፊት ሥራውን ተመለከተ።

ኡዳይፑር በምትባል ከተማ፣ ሐይቅ መካከል በተሠራው፣ አሁን ሆቴል በሆነው ቤተ መንግሥት፣ የሩዝ አጥሚት አምጡልኝ አለ። በብር ጎድጓዳ ሳህን፣ ጽጌረዳ ተደርጎበት መጣለት። ጽጌረዳዋን አንሥቶ ግራ እንደ ተጋባ ዞር ዞር አለና ለሶሳማ ሰጣት። ከተጋቡ ጀምሮ አበባ ሲሰጣት የመጀመሪያው ነበር። «ለታንዳማ እንዳትነግሪ» አላት፤ አጥሚቱንም ከቤት ይዞት በመጣው፣ በጨው በተዘፈዘፈ ማንጎ እያጣፈጠ ጨረሰ።

ቼሪያን ይህን ሁሉ ዐይቶአል። ያላየው ከዚያ በፊት የሆነውን ነበር።

ቅዳሜ ማታ አባ ጌቫርጊስ ለጸሎት መጡ። ቤተ ዘመዱ በምንጣፉ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ፤ ናየርም እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። የመጨረሻው ኪርያላይሶን ተዜሞ ሰዎቹ መስቀል ሊሳለሙ ሲሰናዱ፣ ሶሳማ «ቆዩኝ» አለች። ለሃምሳ ዓመት በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ እንከን ያልተገኘባት ምራት ሆና ኖራለች፤ ከዚህ ቃል በኋላ እንደዚያ ሆና እንደማትኖር ታውቃለች። ሆኖም ክፍል ውስጥ እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቼሪያን አባቱን አልገደለም። ከጉዞው አንድ ወር በፊት ከኩሩቪላ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፤ ቀዶ ጥገና ካላደረግህ ከቤት አትራቅ አለው። ብታደርግም በዕድሜህ መዳንህን ማረጋገጥ አልችልም፤ ከዳንክም ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ነህ አለው። ስንወጣ ኩሩቪላ ደረጃው ላይ ቆመና ‹ሶሳ፣ ካርታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ወዴት እንሂድ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ወደ ሰሜን› አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ።»

ታንዳማ ከሴቶቹ መካከል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«አውቀሽ?» አለች ታንዳማ።

«አውቄ ነው እትዬ።»

«ታላቅ እኅቱን እንኳ ሳታማክሪ!»

«እርስዎን ብናማክር ኖሮ እስከ ዛሬ ሻንጣ እየፈታን ነበር።»

ከበሩ አጠገብ ናየር ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ጌቫርጊስ መስቀላቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉ። «ሶሳማ፣ ይህ የምትነግሪን ኑዛዜ ነው? ከሆነ ቦታው እዚህ አይደለም።»

«አይደለም አባ። የምናዘዘው ብዙ አለኝ፤ ይህ ግን ከዚያ ውስጥ የለም። ምስክርነት ነው።»

ካህኑ መስቀሉን አስቀድመው እርስዋን አሳለሟት።

ቼሪያን ግን ፊቱ ነጥቶ ነበር። ሶሳማ የጠበቀችው ዕረፍት በፊቱ ላይ አልነበረም።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «በጸጸት እየተብሰለሰልኩ ስዞር ታዪኛለሽ። ታውቂ ነበር፤ ዝም አልሽኝ!»

«ልጆቹ እንዳይሰሙ ብሎ ቃል አስገብቶኝ ነበር። ብትሰሙ አልጋ ላይ ታስሩታላችሁ ብሎ። ከሞተ በኋላ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። ‹ወደ ሰሜን› ያልኩበትን ግን ይቅርታ አልጠይቅህም።»

ቼሪያን በሩ ላይ ናየርን አልፎ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ታክሲው በሩ ላይ ደረሰ። ሶሳማ ለመለመን አልወጣችም። ሳሎን ተቀምጣ የሻንጣው ጎማ በኮሪደሩ ሲንኳኳ አዳመጠች። ድምፁ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለ ቼሪያን ሻንጣውን እንደያዘ። «ጀልባው ላይ እኔ ከፊት ሆኜ ፀሐይ ስትወጣ ፎቶ ሳነሣ፣ አንድ ጊዜ ዞር ስል ወደ ጆሮሽ ጠጋ ብሎ ሲያወራሽ አየሁት። ምን አለሽ?»

ሶሳማ ያን ማለዳ ከዚያ በፊት ለማንም አውርታው አታውቅም። ጉም በውኃው ላይ ነበር፤ ከደረጃዎቹ የደወል ድምፅ ይመጣ ነበር፤ የኩሩቪላ እጅ በሻሏ ውስጥ ገብቶ እጅዋን ይዞ ነበር።

«ለልጆች ሁልጊዜ አስተምር ነበር» አለች። «ጋንጋ ባሕሩን ሲፈልግ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ካሺ ሲደርስ ብቻ ዞሮ ወደ ሰሜን ይፈስሳል እያልኩ። አባትህ ውኃውን አየ፤ ፀሐይዋን አየ። እንደ መሐንዲስ ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። ‹ሶሳ፣ በትክክል ነው ያስተማርሽው› አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ከዚያ እጄን ጠበቅ አደረገው። አወቅሁ። ልጠራህ ስነሣ ያዘኝ። ‹አትጥሪው› አለኝ። ‹እዪው፣ እንዴት ደስ ብሎታል፤ ይጨርስ።›»

ቼሪያን የሻንጣውን እጀታ ለቀቀው። ሻንጣው ላይ ቁጭ አለና ትልቅ ሰው በማያለቅሰው አለቃቀስ፣ ድምፁን ሳይሰበስብ አለቀሰ። ከውጭ ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። ታንዳማ ከበረንዳው ተነሥታ በምርኩዟ እየተደገፈች እስከ በሩ ሄደች፤ ድምፅዋም እስከ ጎረቤት ተሰማ።

«ምን ታስጮኻለህ አንተ ልጅ? ከዚህ ቤት የሚሄድ ሰው የለም፤ የሄደው ይበቃናል!»

በአርባው ቀን መቃብሩ ላይ ዕጣን ታጠነ፤ ፍትሐቱ ደረሰ፤ ሕዝቡም ወደ ቤት ተመለሰ። አባ ጌቫርጊስ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ቼሪያን ሁለት እጁን አነባብሮ ተቀበለ፤ በሁሉም ፊት ቀመሰ። ከዚያ የሙዝ ቅጠሎች በረጅሙ ተነጠፉ፤ ሩዙ ወረደ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራውም ዓሣ ተከተለ። ናየር ከታንዳማ ጎን ተቀምጦ «ለካሺ ጉዞ መቼ ልመዝግብዎ?» ይላታል፤ እርስዋም «አንተን ሸኝቼ!» ትለዋለች። ሳቅ ነበር፤ ጫጫታም ነበር።

ሶሳማ ከቼሪያን አጠገብ ተቀምጣ ትበላ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ቅጠሏ ስታይ፣ ጣቶቿ ሳታዛቸው ዓሣውን ፈልቅቀው፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ነጩን ሥጋ በቀኝ በኩል ከምረውት አገኘች። ኩሩቪላ እርስዋ ያልለቀመችለትን ዓሣ በልቶ አያውቅም ነበር። እጅዋ በዚያው እንዳለ ቀረ።

ቼሪያን አየ። ሊጎርስ ያነሣውን ቁራጭ መልሶ አኖረ፤ የተለቀመውን ዓሣ በጣቱ ጫፍ ወደ ራሱ ቅጠል ሳበውና በላ። ሶሳማም ሌላውን ዓሣ ጎተት አድርጋ እሾሁን መልቀም ጀመረች።