ክራንኩ እንዴት ተሰበረ?

የድሮ የእሽቅድምድም ብስክሌት ክራንክ አምጥቶ "እስቲ እዪልኝ" ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ነገር አለ፤ አትወልውለው። የሚያብረቀርቅ ክራንክ ሳይ ነገር ነገር ይሸተኛል። ምን ሊደብቅ ነው ሰውየው እንዲህ የደከመው? እላለሁ። ያን ቀን ጠዋት የቀለም መደብሩ ባለቤት ይዞት የመጣው ክራንክ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ጥርሳሙ ቀለበትና ፔዳል የሚታሰርባቸው ሁለት ክንዶች፣ ሁሉም እንደተሟላ።

"ደህና ነው አይደል?" አለኝ። መልሱን ይዞ የመጣ ሰው አጠያየቅ ነው።

"ቆይ እንጂ፣ ጀርባውን ልየዋ።"

ጀርባውን ማንም አይወለውልም፤ ስለዚህ እኔ የማምነው ጀርባውን ነው። የጥርሶቹን ጫፍ አየሁ፤ አልተበሉም። ዘንጉ የሚገባበትን አራት ማዕዘን ቀዳዳ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ጠርዙ አልሰፋም። ከዚያ ክንዱ ከቀለበቱ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ጥፍሬን ጎተትኩ። ጭረት ከሆነ ጥፍር ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስንጥቅ ከሆነ ያዝ ያደርገዋል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው።

"ደህና ነው። ጥሩ ዕቃ ነው የገዛኸው" አልኩት።

"መጥፎውን ሳላይ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የተሰበረ ካለሽ አሳዪኝ።"

የተሰበረ አንድ ብቻ ነበረን፤ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። አባቴ "ማስረጃዬ" ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁ የአባቴና የታናሽ ወንድሙ ነው። አጎቴን ሰው ሁሉ ቀጮ ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት በሚወዳደርበት ዘመን ነው እንጂ አሁንስ ሆዱ ከመሪው ይቀድማል። ከወራት በፊት ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ተከታትለው ቁልቁለት ሲወርዱ አባቴ ወደቀ። እጁም ተሰበረ፣ ክራንኩም ተሰበረ። "ቀጮ ከኋላ ጎማዬን ነክቶ ጣለኝ፤ ክራንኩ ድንጋይ መትቶ ተሰበረ" አለ አባቴ። ቀጮ "አልነካሁትም" አለ። ተኳረፉ። በአንድ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ሆነው እየሠሩ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ መዶሻውን ይመልስ" ይሉኛል፤ መዶሻው መሃላቸው ተቀምጦ! አንጀቴን አሳረሩት። የቀለም ነጋዴው የመጣ ቀን ደግሞ ቀጮ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራይቷል፤ አንዴ ከወጣ ተመልሶ ይህን ደጃፍ እንደማይረግጥ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

ጨርቁን ፈታሁት። ማስረጃ ማስረጃ ሲባል ሁላችንም ያየነው ጠቡን ነው፤ ብረቱንማ ማን አየው? ለካ የተሰበረበት ቦታ ሁለት መልክ አለው። ሰፊው ክፍል ጥቁርና ለስላሳ ነው። ዳር ላይ ያለው ትንሹ ክፍል ግን ነጭ ሆኖ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል።

"ምነው ሁለት ቀለም ሆነ?" አለ የቀለም ነጋዴው። የቀለም ነገር ከሆነ እሱን አያልፈውም።

"እኔስ ምን አውቄ?"

ሳላውቅ መቅረት ደግሞ አልችልበትም። ከውዳቂው ክምር አንድ አሮጌ ክንድ አንሥቼ ሞርሳ ላይ አሰርኩና ትልቁን መዶሻ አቀመስኩት። ጎበጠ። ደገምኩት፣ ሠለስኩት፣ በመጨረሻ ተገነጠለ። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም። በድንገት የተሰበረ እንዲህ ከሆነ የአባቴ ክራንክ ጥቁሩን ያመጣው ከየት ነው? ውስጥ ውስጡን ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ ኖሮ፣ አየርና ቆሻሻ ሲገባበት ኖሮ መሆን አለበት። አባቴ የወደቀ ቀን የተሰበረው ነጩ ብቻ ነው። እንግዲያ አባቴ ወድቆ ክራንኩ አልተሰበረም፤ ክራንኩ ተሰብሮ ነው አባቴ የወደቀው።

ሁለቱን ስባሪዎች ይዤ አባቴ ጎማ ወደሚለጥፍበት ጥግ ሄድኩ።

"አባዬ፣ እነዚህን እያቸው።"

"ማን ንኪው አለሽ?"

"ቁጣው ይቆይህ። መጀመሪያ እይ።"

ግራና ቀኝ አገላብጦ አያቸው። "ቅባት ነው ያጠቆረው" አለ።

"በቤንዚን ጥረገዋ።"

ጠረገው። ደግሞ ጠረገው። ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም። መነጽሩን አድርጎ ጥቁሩ ከየት እንደሚጀምር በጣቱ ተከተለ፤ ጣቱ ክንዱ ላይ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች በአንዱ ጠርዝ ላይ ቆመ።

"ይሄንን ማን በሳው?" አልኩት።

"እኔ" አለ። "ውድድር ሳለን ክብደቱ እንዲቀንስ ብዬ። በትራፓኖ።"

አሁን ስለ ወንድሙ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

"የሱንም በስቼለታለሁ" አለ። "በዚያኑ ቀን። እስከ ዛሬ የሚነዳው እሱኑ ነው።"

ዞር ስንል የቀጮ ጠረጴዛ ባዶ ነው። በክፍት በሩ ይታየናል፤ የዕቃ ሣጥኑን ከኋላው አስሮ፣ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጓል። ከደጃፋችን ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው።

"ቀጮ! ቁም! አትርገጠው!"

አባቴ ሲሮጥ መነጽሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። በዚያ በደከመ እጁ ኮርቻውን ጨምድዶ ያዘ። ስሙን ሲጠራው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ደስ ይበለኝ ልፍራ አላወቅሁም።

"ምን ሆነሃል?" አለ ቀጮ።

"ክራንኩ። የበሳሁልህ።" አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ በየቀዳዳው ዙሪያ ጥፍሩን ጎተተ። "ምንም አልያዘኝም።"

"ታዲያ ልቀቀኝ፣ ልሂድ።"

"የእኔንም በየጊዜው እዳስሰው ነበር፤ አልያዘኝም፤ ይኸው ግን ተሰበረ። በእናታችን፣ አትሂድበት።"

ስባሪውን ለቀጮ አቀበልኩት። ለባለሙያ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጥቁሩን አየ፣ ነጩን አየ፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቁልቁል የወንድሙን መላጣ ተመለከተ።

"እና ጎማህን ነካሁህ ወይስ አልነካሁህም?"

አባቴ ቀና አላለም። ጥፍሩ ገና ክራንኩ ላይ ነው።

"አልነካኸኝም" አለ።

ቀጮ ወረደና ብስክሌቱን ከነሣጥኑ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። የቀለም ነጋዴው በሩን ያዘለት።